ጥርስዎን ከመነቀልዎ በፊት ስለ ልብዎ ይናገሩ

የጥርስ ሕመም የተነሳበት ሰው ሌሊቱ አይነጋለትም። ቅርንፉድ ነክሶ፣ በሞቀ የጨው ውኃ ተጉመጥምጦ፣ ጉንጩን በነጠላ አስሮ ያደረ ሰው ጠዋት ላይ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥርሱ ተነቅሎ እንዲገላገል። በጎንደር ከተማም ሆነ በላይ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ በትክል ድንጋይ ወደ ጥርስ ክፍል ጉንጩን ይዞ የሚገባ ሰው በዚያ ሰዓት ስለ ልቡ አያስብም። ቢጠየቅም «ያመመኝ ጥርሴ ነው፤ ልቤ ምን ሆነ?» ማለቱ አይቀርም።

ለአብዛኛው ሰው መልሱ ትክክል ነው። የልባቸው በር ለተጎዳ ሰዎች ግን አንድ ጥርስ መነቀሉ ለሕይወት የሚያሰጋ የልብ ኢንፌክሽን መነሻ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመከላከል ከሕክምናው በፊት አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት አለ። ማን ይወስዳል? ማን አይወስድም? የጥርስ ባለሙያዎቻችንስ ይህን ምን ያህል ያውቃሉ? የዛሬው ዝግጅታችን በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ያተኩራል።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በትክል ድንጋይ አካባቢ የምትኖር የ24 ዓመት ወጣት አለች እንበል። ልጅ ሳለች «የልብሽ በር ተጎድቷል» ተብላ ለተወሰኑ ዓመታት በየወሩ መርፌ ስትወጋ ቆይታለች። ሲሻላት ክትትሉን ተወችው። አሁን ጥርሷን አመማትና ሄዳ አስነቀለች። ስለ ልቧ የጠየቃት የለም፤ እርሷም ይገናኛል ብላ ስላልገመተች አልተናገረችም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ጀመራት፤ ሌሊት ያልባታል፤ የምግብ ፍላጎቷም ጠፋ። መጀመሪያ ለወባ ተመረመረች፤ ቀጥሎ «ታይፎይድ ነው» ተባለና መድኃኒት ወሰደች። ሻል አላት፤ ተመልሶ መጣባት። ሁለት ወር ቆይታ ትንፋሽ ሲያጥራት ቤተሰቦቿ ወደ ጎንደር ይዘዋት ሄዱ። ወጣቷ ለምሳሌ ያህል የቀረበች ናት፤ የሕመሙ አካሄድ ግን በሐኪሞች ዘንድ በሚገባ የታወቀ ነው።

ከአፍ ወደ ልብ

በአፋችን ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ እዚያው እስካሉ ድረስ ጉዳት የላቸውም። ድድ ሲደማ፣ ጥርስ ሲነቀል ወይም በጥርስ ላይ የተጋገረው ቆሻሻ ከድድ ሥር ሲፋቅ ግን የተወሰኑት ወደ ደም ሥር ይገባሉ። ጤነኛ ሰው ላይ የሰውነት መከላከያ በደቂቃዎች ውስጥ ያጠፋቸዋል።

ችግሩ የልብ በሮች የተጎዱ እንደሆነ ነው። የጤነኛ ልብ በር ለስላሳ ስለሆነ ባክቴሪያ የሚጣበቅበት ቦታ የለውም። በተጎዳ ወይም በሰው ሠራሽ በር ላይ ግን ቀጫጭን የረጋ ደም ይይዛል። በደም ውስጥ የሚያልፈው ባክቴሪያ እዚያ ላይ ይጣበቃል፤ ይራባል፤ በበሩ ላይ ጉብታ ይሠራል። ይህ ሕመም በሕክምናው ዓለም ኢንፌክቲቭ ኢንዶካርዳይቲስ ይባላል። ጉብታው በሩን ይበላዋል፤ ተቆርሶ ወደ አንጎል ከሄደ ደግሞ የአካል ሽባነት ሊያስከትል ይችላል። ሕክምናው ለሳምንታት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሲሆን ብዙ ጊዜ የልብ ቀዶ ሕክምናም ይጠይቃል። የተሟላ ሕክምና ባለባቸው አገሮች እንኳ በዚህ ሕመም ሆስፒታል ከሚገቡት ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሕይወቱ ያልፋል።

በእኛ አካባቢ ነገሩን የሚያከብደው የሕመሙ መምሰል ነው። ለሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት፣ አንዳንድ ጊዜም የጣፊያ ማበጥ ያሳያል። በምዕራቡ ቆላ ሠርቶ የተመለሰ ሰው እነዚህን ምልክቶች ሲያሳይ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ወባ፣ ካላዛርና የሳንባ ነቀርሳ ናቸው፤ መጠርጠራቸውም ትክክል ነው። ነገር ግን በመሐል በግምት የሚሰጠው ፀረ ተሕዋስያን ትኩሳቱን ለጊዜው ያበርድና በኋላ በሚደረገው የደም ካልቸር ምርመራ ጀርሙ እንዳይገኝ ያደርጋል። ሕመሙ ተደብቆ ይቀጥላል ማለት ነው። ስለዚህ የልብ በር ችግር ያለበት ሰው ከሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት ካለው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ደሙ ለካልቸር መወሰድ ይኖርበታል።

ሁለት ጀርሞች፣ ሁለት መከላከያዎች

ብዙ ሰው የሚያምታታው አንድ ነጥብ አለ። በአገራችን በወጣቶች ላይ የልብ በርን በዋናነት የሚጎዳው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው በልጅነት የሚመጣ፣ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም ነው። ጉሮሮን የሚያጠቃው ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ሰውነት የራሱን የልብ በር እንዲያጠቃ ያደርገዋል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይህ የጉሮሮ ኢንፌክሽን ዳግም እንዳይመጣና የልቡ ጉዳት እንዳይብስ የሚከላከል ነው።

ከጥርስ ሕክምና በኋላ የሚመጣው ኢንዶካርዳይቲስ ግን ከሌላ ጀርም፣ በአፍ ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚነሳ ነው። «በየወሩ መርፌ እወጋለሁ፤ ስለዚህ ለጥርሱ አያሰጋኝም» ማለት ስሕተት ነው። ወርኃዊው መርፌ የጥርስ ሕክምና ሲደረግ የሚሰጠውን መከላከያ አይተካም። እንዲያውም መርፌውን የሚወስድ ሰው ይህንኑ ለጥርስ ባለሙያው መናገር ይኖርበታል፤ ምክንያቱም የሚመረጠው መድኃኒት በዚህ ሊወሰን ይችላል።

መመሪያው ለምን ጠበበ?

የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለጥርስ ሕክምና ሲባል ፀረ ተሕዋስያን እንዲሰጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የመከረው እ.ኤ.አ. በ1955 ነበር። ለበርካታ አሥርት ዓመታት ማንኛውም ዓይነት የልብ በር ችግር ያለበት ሰው ሁሉ መድኃኒቱን እንዲወስድ ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን ማኅበሩ ዝርዝሩን በእጅጉ አጠበበው። ምክንያቱ ሦስት ነው። ጥርስ ስናጸዳና ስንበላም ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል፤ በዓመት ሲደመር ይህ ከአንድ ጥርስ መንቀል ይበልጣል። ለሁሉም ሰው መድኃኒት መስጠት የሚያድነው ሰው ጥቂት ነው። መድኃኒቱም በበኩሉ የአለርጂ አደጋና ከመድኃኒት ጋር የተላመዱ ጀርሞችን ያመጣል።

እንግሊዝ ከዚህም አልፋ ሄደች። የአገሪቱ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 መድኃኒቱ ለማንም እንዳይሰጥ መከረ። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ከዚያ በኋላ የኢንዶካርዳይቲስ ሕሙማን ቁጥር ከሚጠበቀው በላይ መጨመሩን አሳየ። ጥናቱ መንስኤው ይኸው ነው ብሎ ባያረጋግጥም ተቋሙ በ2016 ምክሩን አለዝቦ «በመደበኛነት አይሰጥም» ወደሚል ቀየረው። በአሜሪካ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ የመረመረና በ2022 የወጣ ጥናት ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ግልጽ አደረገው። ከፍተኛ ተጋላጭ በሆኑ ሰዎች ላይ ጥርስ ከተነቀለ ወይም የአፍ ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሕመሙ ጎልቶ ይታያል፤ መድኃኒቱን አስቀድመው በወሰዱት ዘንድ ደግሞ ይቀንሳል።

ዛሬ የአሜሪካም የአውሮፓም መመሪያዎች የሚስማሙባቸው ከፍተኛ ተጋላጮች ሰው ሠራሽ የልብ በር ያላቸው ወይም የልብ በራቸው በሰው ሠራሽ ነገር የተጠገነ፣ ከዚህ በፊት ኢንዶካርዳይቲስ ይዟቸው የዳኑ፣ እንዲሁም አብረው የተወለዱ የተወሰኑ ከባድ የልብ ሕመሞች ያሉባቸው ናቸው። ከነዚህ ሦስተኛዎቹ ውስጥ ከንፈራቸውና ጥፍራቸው የሚጠቁርና ያልታከሙ ሕፃናት ዋነኞቹ ናቸው። ደም ግፊት ያለበት ወይም በልቡ የደም ሥር ስቴንት የገባለት ሰው ግን በዚህ ምክንያት ብቻ ለጥርስ ሕክምና መድኃኒቱን አይወስድም።

መድኃኒቱም በሁሉም የጥርስ ሕክምና አይሰጥም። የሚሰጠው ድድን ወይም የጥርስን ሥር የሚነካ፣ የሚያደማ ሥራ ሲኖር ነው። ጥርስ መንቀል፣ ከድድ ሥር ማጽዳትና የድድ ቀዶ ሕክምና ከነዚህ ይመደባሉ። ራጅ ለመነሳት ወይም የሕፃን ጥርስ በራሱ ሲወልቅ አያስፈልግም።

የጥርስ ባለሙያዎች ምን ያውቃሉ?

በተለያዩ አገሮች የጥርስ ሐኪሞችን ዕውቀት የመረመሩ ጥናቶች የሚያሳዩት አካሄድ ተቀራራቢ ነው። ሐኪሞቹ የመድኃኒቱን ስም ያውቃሉ፤ «ለማን?» እና «ለየትኛው ሥራ?» የሚሉት ጥያቄዎች ላይ ግን ይሳሳታሉ። ለማያስፈልገው ይሰጣሉ፤ የሚያስፈልገውን ይስታሉ። በትምህርት ቤት ሳሉ የተማሩትን አሮጌ መመሪያ ይዘው የሚቀጥሉም አሉ።

ይህ የሚያስወቅስ ሳይሆን የሚያስተምር ነገር ነው። መመሪያው በአንድ ባለሙያ የሥራ ዘመን ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። ለምሳሌ ለፔኒሲሊን አለርጂ ላለባቸው ለረጅም ጊዜ ይሰጥ የነበረው ክሊንዳማይሲን በከባድ የአንጀት ኢንፌክሽን ጉዳቱ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2021 ከአሜሪካው ዝርዝር ወጥቷል። ከዚያ በፊት የተመረቀና ከዚያ በኋላ ሥልጠና ያላገኘ ባለሙያ ይህን ላያውቅ ይችላል። በአገራችን ደግሞ በብዙ ጤና ተቋማት ጥርስ የሚነቅሉት ሐኪሞች ብቻ ሳይሆኑ በመካከለኛ ደረጃ የሠለጠኑ የጥርስ ባለሙያዎችም ናቸው። ስለዚህ ሥልጠናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተወስኖ ሊቀር አይገባም፤ እስከ ወረዳ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት።

ከዕውቀቱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ልማዱ ነው። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ለሁሉም ሰው ለአምስት ወይም ለሰባት ቀን የሚዋጥ አሞክሲሲሊን ማዘዝ የተለመደ ነው። ለልብ ኢንፌክሽን መከላከያ ግን መድኃኒቱ ጥቅም የሚሰጠው ባክቴሪያው ደም ውስጥ በሚገባበት ሰዓት አስቀድሞ በደም ውስጥ ከተገኘ ነው። መመሪያው ለአዋቂ የሚያዝዘው ከሥራው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ በአንድ ጊዜ የሚወሰድ 2 ግራም አሞክሲሲሊን ነው፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አራት ፍሬ ማለት ነው። ለሕፃናት በክብደታቸው ይሰላል። ቢረሳ ከሥራው በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ሊሰጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ ለቀናት የሚቀጥል መድኃኒት ለዚህ ዓላማ አያስፈልግም።

አሁን ያለንበት ሁኔታ ሲታይ፣ አራት ፍሬ የሚያስፈልጋት የልብ ሕመምተኛ ሳይሰጣት ስትሄድ ጤነኛው ጎረቤቷ የማያስፈልገውን ሃያ አንድ ፍሬ ይዞ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ባካሄደው የመሪዎች ስብሰባ መድኃኒት በተላመዱ ጀርሞች የሚመጣውን ሞት እስከ 2030 በ10 በመቶ ለመቀነስ አገሮች ቃል ገብተዋል። ይህ ቃል ከሚፈጸምባቸው ቦታዎች አንዱ የጥርስ ክፍል የማዘዣ ወረቀት ነው።

የእኛ አገር ጥያቄ

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያ ከባድ የሆነ ጥያቄ ይነሳል። በአሜሪካው ዝርዝር ውስጥ በሩማቲክ ሕመም በሩ የተጎዳ፣ ነገር ግን ቀዶ ሕክምና ያልተደረገለት ሰው የለም። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በ2023 መመሪያው እነዚህን ሰዎች በመካከለኛ ተጋላጭነት መድቦ ውሳኔውን ለሐኪሙና ለሕመምተኛው ትቶታል። ሩማቲክ የልብ ሕመም በነባር ሕዝቦቿ ዘንድ አሁንም የሚታይባት አውስትራሊያ ግን በመመሪያዋ ውስጥ አካትታቸዋለች።

ልዩነቱ የሚመነጨው መመሪያዎቹ ከተጻፉበት አገር ነው። በበለጸጉት አገሮች ሩማቲክ የልብ ሕመም ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። በእኛ ዘንድ ግን የልብ ክትትል ክፍሎችን የሚሞሉት ወጣቶች በአብዛኛው የዚህ ሕመም ተጠቂዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት በጅማ ምንም ምልክት የማይታይባቸውን ተማሪዎች በልብ አልትራሳውንድ ሲመረምር ከ1 ሺሕ ተማሪዎች ወደ 30 በሚጠጉት ላይ የሩማቲክ የልብ ሕመም ምልክት አግኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ 55 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕመሙ አለባቸው፤ በየዓመቱም ወደ 360 ሺሕ የሚጠጉት ይሞታሉ። አፍሪካውያን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 በመዲናችን ተሰብስበው ሕመሙን ከአህጉሪቱ ለማጥፋት «የአዲስ አበባ መግለጫ»ን አውጥተዋል፤ የዓለም ጤና ጉባኤም በ2018 ጉዳዩን በውሳኔ አጽንቶታል።

ስለዚህ የውጭውን ዝርዝር እንዳለ ገልብጦ መለጠፍ ለእኛ አይበቃም። የልብና የጥርስ ሐኪሞቻችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው «በሩማቲክ ሕመም በሩ ክፉኛ ለተጎዳ ኢትዮጵያዊ ምን እናድርግ?» ለሚለው አንድ መልስ ሊሰጡ ይገባል። መልሱ በአንድ ገጽ ተጽፎ በየጥርስ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ባለሙያው በየቀኑ ያየዋል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የልብ ሕሙማን ክትትልም የጥርስ ሕክምናም በአንድ ግቢ የሚሰጥ በመሆኑ ለዚህ ምቹ መነሻ ነው። ልብ ሐኪሙ ለሕመምተኛው በሚሰጠው ካርድ ላይ «ለጥርስ ሕክምና ቅድመ መከላከያ ያስፈልገዋል» ወይም «አያስፈልገውም» ብሎ ቢጽፍ፣ በትክል ድንጋይ ያለው ባለሙያ መገመት አይጠበቅበትም።

ጉዳዩ ለምን እንዲህ ያሳስባል ለሚል፣ በሩ በኢንፌክሽን የተበላ ሰው የልብ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በሚገኘው የልብ ሕክምና ማዕከል ወረፋ የሚጠብቁት በሺሕዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ከጎንደር እስከዚያ ያለው መንገድም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አራት ፍሬ ካፕሱል ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ከጥርስ ክፍል ውጭ ያለው አደጋ

በአካባቢያችን አፍ የሚደማው በጥርስ ክፍል ብቻ አይደለም። ለውበት ሲባል ድድን በመርፌ ወግቶ መነቀስ በጎንደርና በሌሎች የሰሜን አካባቢዎች የቆየ ልማድ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ የሚወጋው ድድ ለባክቴሪያ ብዙ በር ይከፍታል፤ መርፌው ንጹሕ ካልሆነም ሌሎች በደም የሚተላለፉ በሽታዎችን ያመጣል። የሕፃናትን እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣትም እንዲሁ ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን የሚያስከትሉ ጎጂ ልማዶች ናቸው። እነዚህ ለማንም አይመከሩም፤ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ አደጋቸው እጥፍ ነው።

በሌላ በኩል ጠብቀን ልንይዘው የሚገባ ልማድም አለን። ጥርስን በመፋቂያ ማጽዳት ከጥንት የመጣ ነው። ድድን ሳያቆስሉ በየቀኑ ከተጠቀሙበት ጠቃሚ ነው፤ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ ሲጨመርበት ደግሞ ይበልጥ ይሟላል። የተቦረቦረ ጥርስና የሚደማ ድድ ያለው ሰው ጥርሱ ባይነቀልም በየዕለቱ ባክቴሪያ ወደ ደሙ ይልካል። ስለዚህ ለልብ ሕመምተኛ ዋናው መከላከያ ጤናማ አፍ ነው፤ ካፕሱሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ምን ያድርጉ?

የልብ ሕመም እንዳለብዎ ተነግሮዎት የሚያውቅ ከሆነ፣ ድሮም ቢሆን፣ ወደ ጥርስ ክፍል ሲገቡ ሳይጠየቁ ይናገሩ። የክትትል ካርድዎን ይያዙ። በየወሩ መርፌ የሚወጉ ከሆነ፣ የፔኒሲሊን አለርጂ ካለብዎ ወይም ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ይህንኑ ያሳውቁ። ዋርፋሪንን ግን «ጥርሴን ላስነቅል ነው» ብለው በራስዎ አያቁሙ፤ በተለይ ሰው ሠራሽ በር ካለዎ በሩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል።

ለልብ ክትትል ሲሄዱ ሐኪምዎን «ለጥርስ ሕክምና ቅድመ መከላከያ ያስፈልገኛል?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ካርድዎ ላይ ያስጽፉ። የልብ በር ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ካለዎ ጥርስዎን አስቀድመው ያስመርምሩ። መድኃኒቱን በራስዎ ገዝተው አይዋጡ፤ ከሌላ ሰው የተረፈ ካፕሱልም አይጠቀሙ። ከጥርስ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ድካም ከታየብዎ ለሐኪሙ ሁለቱንም ይንገሩ፤ የልብዎን ችግርም ጥርስ መነቀልዎንም።

ወላጆችም ልጃቸው ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም ሲይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ቢወስዱት የልቡ በር ከመጀመሪያውም እንዳይጎዳ ያደርጋሉ።

ለጥርስ ባለሙያዎች ያለን መልእክት አጭር ነው። መንቀያውን ከማንሳትዎ በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ፤ «የልብ ሕመም አለብህ ተብለህ ታውቃለህ?» እና «ልብህ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ያውቃል?» አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በምሳሌያችን ያየናት ወጣት የጎደላት ይኸው አንድ ደቂቃ ነበር።